ማን ጻፈልሽ?

ክፍሉ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ላይ ስደገፍ ልብሴ አመድ ይመስላል፣ ምራቄን ስውጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ገና በረፋዱ ያግለዋል። ያስገባችኝ ፖሊስ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ዞር ብላ፣ "ባጃጅ የምትነጂው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ጉድ ነው!" ብላ ቆለፈችው።

ፍራንኮ ሰፈር ካለው የባጃጅ ተራችን የመጀመሪያዋ ሴት ሹፌር ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ወንዶቹ ጎማዬን አስተንፍሰውብኛል። ተራ ያስያዙኝ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው፤ "መንጃ ፈቃድ አላት፣ ምን ሁኚ ነው የምትሏት?" ብለው። ባጃጅ ከዋናው አስፋልት ሲከለከል አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራ እናቁም ያልኩትም፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አቤቱታውን ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ስለነበሩ አብረን ተያዝን።

መርማሪው ሽበት የጣለበት፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

"ልጄ፣ ማን ጻፈልሽ?"

"እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።"

"እሱን ተይው። አንቺ ሴት ነሽ፣ አታለውሽ ነው። ሽማግሌው ነው አይደል? ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።"

የተተየበ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። "ተታልዬ ነው" ይላል፤ አታላይ በሚለው ቦታ የሽማግሌው ስም ተሞልቷል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ሽማግሌው ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው፤ መድኃኒት በሰዓቱ እንደማይሰጣቸው ሰምቻለሁ። ከፈረምኩ እዚያው መቅረታቸው ነው። ቢሆንም ቤቴ መግባት አማረኝ። ነገ ልንገርዎት ብዬ ወጣሁ።

ከእኔ ጋር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የአርሲ ልጅ ታስራ ነበር። ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት በእሱ ምትክ ያመጧት ናት። ለምርመራ እንኳ ጠርተዋት አያውቁም። ስለ ወረቀቱ ነገርኳት።

"አንቺ እኮ በራስሽ ሥራ ነው የታሰርሽው" አለችኝ። "እኔን ስሜን የጠየቀኝ የለም። የእከሌ እህት ነው የሚሉኝ።"

ያኔ ነደደኝ። እሷ በወንድሟ ፋንታ ትታሰራለች፣ የእኔ ሥራ ደግሞ ለሽማግሌው ይሰጣል። ሴት በገዛ ጭንቅላቷ አስባ መታሰር እንኳ አይፈቀድላትም?

በማግስቱ ጠዋት ስጠራ እጄን ጨበጥ አድርጋ "ጀባዹ" አለችኝ፣ በርቺ ማለቷ ነው።

መርማሪውን ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቅኩት። ይቅርታ የምጽፍ መስሎት ፈገግ አለ። አቤቱታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ጻፍኩለት፤ ሰርዤ ያስተካከልኳትን ቃል እንኳ ሳልተው እዚያው ቦታዋ ላይ ሰረዝኳት። ከሥሩ "ያሰብኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ" ብዬ ሙሉ ስሜን አስፍሬ ፈረምኩ።

"እጅዎ ላይ ካለው አቤቱታ ጋር ያስተያዩት" አልኩት።

አስተያየው። ፈገግታው ጠፋ።

"ምነው ልጄ፣ ራስሽን ገደል ትከቻለሽ?"

"ልጅዎ አይደለሁም" አልኩት። "ሹፌር ነኝ።"

ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ የተሟገተ እስረኛ ከዚያ በፊት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሽማግሌው ከሦስት ቀን በኋላ ተፈቱ፣ እኔ ሁለት ወር ተጨመረብኝ። ስወጣ ጃኬቴን ለልጅቷ ተውኩላት። ከዚያ በሩ ላይ ቆምኩና ጠባቂዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ፣ በስሟና በአባቷ ስም ጠርቼ ተሰናበትኳት። አንዱ ጠባቂ "ማን ናት ደግሞ?" ሲል ሰማሁት። ሁለት ወር ሙሉ በሩን ሲከፍትባትና ሲዘጋባት የኖረ ሰው ነው።

ዛሬም እዚያው ተራ ላይ ነኝ። አንዳንዶቹ ወንዶች ለአዳዲስ ሹፌሮች ታሪኩን ሲያወሩ፣ "ሴት አይመቱም ብለን እሷን አስነበብናት" ይላሉ። እሳት ጎርሼ እነሳባቸዋለሁ። ሽማግሌው ደግሞ ካሉበት ሆነው፣ "እሷ ናት የጻፈችው፣ ውሸታም ሁላ!" ይላሉ።

ልጅቷ ፈተናው ካለፋት በኋላ ተፈታች፤ አሁን ሻሸመኔ ትማራለች። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ወንድሟ እስካሁን አልተያዘም።