የቤተልሔም ሕፃናት በዓል በሲማዳ

የገና ዋዜማ፣ ንፋስ መውጫ

ጎህ ሲቀድ ከንፋስ መውጫ ተነሣን። ሚኒባሱ ጉም ውስጥ ሲገባ ከተማዋ ከኋላችን ጠፋች፤ የቆሙት ባጃጆች፣ የተዘጉት ሱቆች፣ የበዓል በግ በገመድ የሚጎትቱት ገበሬዎች፣ ሁሉም። ባለቤቴ በላይ መስኮቱን በእጁ እየጠረገ የሚያውቀውን ተራራ ይፈልጋል።

እኔ እምድብር የተወለድኩ ካቶሊክ ነኝ፤ እሱ የሲማዳ ልጅ። ስንጋባ አባቱ፣ አባባ ደሴ፣ «ከሃይማኖቴ ውጭ ሰርግ አልበላም» ብለው ቀሩ። ዘንድሮ እናቱ «ገናን ከእኛ ጋር ዋሉ» ብለው በስልክ ለመኑን። አባትየው ምንም አላሉም።

አርብ ገበያ ከተማ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ጾም ነውና ሽሮ በላን።

«ጠገብ በሉ፤ የወገዳ መንገድ ያንገላታል» አለን ሾፌሩ።

እውነቱን ነው። መንገዱ ያንገጫግጨናል፣ አቧራው ይገባል፣ ከገደሉ ሥር ጉሙ እንደ ባዘቶ ተኝቷል። እንቅልፍና ንቃት ተደባለቁብኝ፤ ወገዳ እስክንደርስ የትኛውን አይቼ የትኛውን እንዳለምኩ አላውቅም።

ገና፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምኩ። የቅዳሴው ግእዝ ያው የእኛው የካቶሊኮቹ ግእዝ ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን እምድብር ያለሁ መሰለኝ። አባባ ደሴ በአጠገቤ ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ከሰዓት በኋላ ጎረምሶቹ እየተጯጯሁ በታጨደው ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ፣ እኔ ከአማቴ፣ ከበላይ እናት ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ሞቅሁ።

ጥር ፩ ቅዱስ እስጢፋኖስን ለብቻዬ አሰብኩ።

ጥር ፫፣ አውድማው ዳር

ማለዳ ከቤቱ ጀርባ ጧፍ አብርቼ ስጸልይ አባባ ደሴ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። የስንዴ ውቂያ ቀን ነው፤ ጎረቤቶችም ተጠርተዋል።

«የምን በዓል ነው?» አሉኝ። ቀጥታ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«የቤተልሔም ሕፃናት ነው፣ አባባ። ሄሮድስ ያስፈጃቸው።»

«እሱማ የእኛም ነው። ስንክሳሩ ላይ ይነበባል።»

«እኔ ለልጄ ብዬ ነው የማከብረው።»

«የምን ልጅ?»

በላይ እንዳልነገራቸው ያን ጊዜ ገባኝ። የበኩር ልጃችን በእስጢፋኖስ ዕለት ተወለደ፤ በሕፃናቱ ዕለት ሞተ። የቤተ ክርስቲያናችን አባ መጥተው ለማጥመቅ ብቻ ደረሱለት። ይህን ስነግራቸው በላይ ከበሩ ወጥቶ ይሰማን ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉት።

«ከሰርጌ የቀሩ ለቀብር ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

አባባ ደሴ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «ስሙ ማን ነበር?»

«እስጢፋኖስ» አልኩ።

በሬዎቹን መልሰው አሰሯቸው። ጎረቤቶቹ የውቂያ መንሻቸውን ይዘው ሲደርሱ ከመካከላቸው አንዱ ሰማዩን አየና፣ «አባባ፣ ደመና አለ እኮ። ነዶው ይረጥባል» አላቸው።

«ይርጠብ። እኔ ዛሬ የልጅ ልጅ ሞቶብኛል።»

መንሹ ከድንጋይ ካቡ ሥር ተደረደረ። አማቴ እያለቀሱ ጋቢ አምጥተው አውድማው ጠርዝ ላይ አነጠፉ፤ እኔንና በላይን መካከል አስቀመጡን። የመንደሩ ሰው በየተራ እየመጣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይለናል፣ አጠገባችን ይቀመጣል። ስንዴው ቢጫ ሆኖ ከፊታችን ተኝቷል። ከተጠመቀ ወዲህ ስሙን ከባለቤቴ ሌላ ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ሁሉም ይጠራዋል። ሕልም ነው እንዳልል የአማቴ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ወደ ማታ ካፊያ ጣለ። ውቂያው ከግዝረት በዓል በኋላ ሆነ።

ቃና ዘገሊላ፣ ወገዳ

ከትናንት በስቲያ ታቦቱን እስከ ወንዙ ሸኘን፤ ትናንት የጥምቀቱ ውኃ ለእኔም ተረጨልኝ። ዛሬ ተሳፈርን። አባባ ደሴ መንገድ ድረስ በእግራቸው ሸኙን፤ ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዙ።

«ለከርሞ ለጥር ሦስት እኛ ነን የምንመጣው» አሉኝ። «መቃብሩን ታሳዪኛለሽ።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጥቂት አብረውን ተራመዱ፤ ከዚያ እጄን ለቀቁ።