ሁለት ክረምት የቆመው ቮልስ

እናቴ ካረፈች በኋላ የአባቴን ቮልስ የነካው ሰው አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር እንደቆመ ሁለት ክረምት ዘነበበት። አባቴ በመምህርነት ዘመናቸው ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በእሱ ነበር፤ እናቴንም ገበያ የሚያደርሷት በእሱ ነው። ዓይናቸው ግን ቀስ በቀስ ደክሞ፣ እሷ በሞተችበት ዓመት ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም የማያዩ ሆኑ። እኔ መንዳት እችላለሁ። ግን ነዳጅ ሲጠፋ፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር ላለማየት ስል ቁልፉን አላነሳሁትም።

መስከረም ገብቶ ሰማዩ በጠራ ሰሞን፣ ከሥራ ስመለስ አባቴን መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ግድግዳውን እየዳሰሱ ብቻቸውን ነው የሄዱት። አንድ እጃቸው ኮፈኑ ላይ ነው። በሌላው መዳፋቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተሰባበረ ሰማያዊ ነገር ይዘዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቀለሙ ነው አባባ። ተሰነጣጥቆ ይረግፋል።»

«ከሥሩስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ዝጓል። የበሩ ታች ተበልቶ ጣት ያስገባል።»

በመዳፋቸው የያዙትን አራገፉት። ከዚያ፣ «ለእናትሽ ሙት ዓመት የምሄደው በዚህ ነው» አሉ።

እናቴ የተቀበረችው ከይጁቤ አለፍ ብሎ ባለው የትውልድ አጥቢያዋ ነው። «በሚኒባስ ብንሄድ አይሻልም?» አልኳቸው።

«አምና መንገድ ተዘጋና ቀረሁ። ዘንድሮ በእሷ መኪና ነው የምሄደው።»

«የእሷ» ብለው ሲጠሩት የዚያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

በማግስቱ የሰፈራችንን በያጅ ጠራሁት። የወለሉን ምንጣፍ ገለጠና ፊቱን አጨማደደ። እናቴ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ፊት ያለው ወለል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፣ ከታች ሣሩ ይታያል። በመዶሻው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ወረደ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አፈር ሆኗል» አላቸው፤ «ለብረት ሰብሳቢ ቢሰጡት ነው የሚሻለው።»

«የበሰበሰውን ቆርጠህ አውጣና ሌላ ላሜራ በይድበት» አሉት አባቴ። «እግሯን የምታሳርፍበት ነው። ጠንከር አድርገው።»

«ታሳርፍበት የነበረ» ብሎ ያረማቸው የለም። በያጁም ወደ እኔ አየት አደረገና መሣሪያውን ሊያመጣ ሄደ።

ወለሉና የበሩ ታች ከተበየደ በኋላ የቀረው የበሩን ቀለም መፋቅ ነበር። በያጁ ልሥራው ቢልም አባቴ እንቢ አሉ። በርጩማ አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኳቸው፤ ውሃ በባልዲ፣ ብርጭቆ ወረቀትም ሰጠኋቸው። ይፈትጋሉ፣ ውሃ ያፈስሳሉ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ እንደገና ይፈትጋሉ። እኔም ከሥራ ስመለስ ልብሴን ቀይሬ ከጎናቸው ቁጭ እል ነበር። የዝገቱ ውሃ በክንዳችን ላይ ቀይ ሆኖ ይወርዳል።

አንድ ቀን ቀና ሳይሉ፣ «የእናትሽን ፊት እየረሳሁት ነው» አሉኝ።

እጄ ቆመ።

«ድምጿን አልረሳሁም። እጇንም አልረሳሁም። ፊቷን ላመጣ ስል ግን አንዴ አፍንጫዋ፣ አንዴ አገጯ ይመጣል፤ አንድ ላይ አልሆን ይለኛል። ፎቶ እንዳላይ ዓይን የለኝ። እስቲ ንገሪኝ።»

ግንባሯ ሰፋ ያለ እንደነበር፣ ስትስቅ ፍንጭቷን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ስትናደድ የግራ ቅንድቧ ብቻ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገርኳቸው።

«ቅንድቧን እንኳ አልረሳሁትም» አሉና ፈገግ አሉ፤ «ብዙ ጊዜ አሳይታኛለች።» ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኑረው ፊታቸውን በእርጥብ እጃቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ። እሷ ከተቀበረች ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። ሁለታችንም ሌላውን ላለማሳዘን ብለን በየክፍላችን ስንደበቅ ነው የከረምነው።

ቀለሙን ለማመሳሰል ካልዘገው ቦታ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልዬ ቀለም ቤት ወሰድኩ። ተበጥብጦ እርጥቡን ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን በሩ ከሌላው አካል ጠቆረ።

«መሰለ?» አሉኝ አባቴ።

«አልመሰለም። በሩ ጠቆር ብሏል።»

«ግድ የለም፤ ዝናብ ካላስገባ ይበቃል።»

ታኅሣሥ ላይ ሞተሩን በመካኒክ አስፈትሸን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠይቀን በማለዳ ተነሣን። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በእሷ ቦታ ተቀመጡ። የይጁቤ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ በበሩ ጥግ አቧራ ይገባል። ወለሉ ግን አልተነቃነቀም። በየመንደሩ የት እንደደረስን እነግራቸዋለሁ፤ ጤፉ እየታጨደ መሆኑንም ነገርኳቸው።

በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ፣ አባቴን ይዤ ከመቃብሯ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ዘገየሁብሽ» አሏት። «መንገዱም ዓይኔም እንቢ ብሎኝ ነው። ልጅሽ አመጣችኝ።» ዘመዶቿ ለምሳ እስኪጠሩን ድረስ እዚያው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ለቮልሱ የቆርቆሮ ጣሪያ ሠርተን ከዝናብ አስጠለልነው። ቢሆንም ባለፈው ክረምት በብየዳው ጠርዝ ቀለሙ እንደገና አበጠ፤ ስጫነው ተሰነጠቀና ዝገቱ ወጣ። ለአባቴ ነገርኳቸው። አሁን ቶሎ ስለሚደክማቸው የምፈትገው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በርጩማው ላይ ሆነው ያዳምጡኛል። አንዳንድ ቀን ስለ እናቴ እናወራለን። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳንነጋገር ይመሻል።