ሽቅብ ጻድቅ፣ ቁልቁል ካቶሊክ

ሁለት ክረምት ሙሉ ደብቄ የኖርሁትን ዛሬ ልናገር... ያን ቀን መንገድ ለመንገድ ሰባት ጊዜ መስገዴ ለእግዚአብሔር አልነበረም። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደብረ ማርቆስ ከጣልያኖቹ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አድራሽነት ገብቻለሁ። አንድ ሮብ ጧት ሹሙ ጠራኝና ግድግዳ የተደገፈ ብስክሌት አሳየኝ። ሮብ ገበያ ላለው ጦር ሰፈር ደብዳቤ እንዳደርስበት ነው። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በቅሎ የኋላ ቀር ነው ይላሉ። ይኸ ግን ሥልጣኔ ነው፤ ገብስ አይበላ፣ ውኃ አይጠጣ። ትችልበታለህ ወይ ይላሉ።»

«እችላለሁ» አልሁ። ቀደም ሲል በሜዳ ሦስት ጊዜ ዞሬበት፣ ሁለት ጊዜ ወድቄበት ነበርና ውሸት አልመሰለኝም። «እሳቸውስ ለምን አይሞክሩትም?»

«እሳቸው ከምሽጉ አይወጡም» አለኝ። ይህቺን ሳያስተረጉም ነው የመለሰልኝ።

እስከ ከተማው ዳር እንደ ሹም ሄድሁ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ... ፔዳሉን ሃያ ጊዜ እንኳ ሳልረግጥ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ትደልቅ ጀመር። ወርጄ ልግፋው ብል ደግሞ ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ ሰው በሰው ሆኗል። አንዲት ጤፍ የጫነች ሴት አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች።

«ጌታው፣ እርስዎ ነዎት የተቀመጡበት ወይስ እሱ ነው የተቀመጠብዎ?»

አለፈችኝ። አህያዋም አለፈችኝ።

ያን ጊዜ ቀና ስል የሚካኤል ጉልላት ታየኝ። በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፣ ይሳለማል። እኔም ወረድሁ። ብስክሌቱን አጋድሜ በግንባሬ ተደፋሁ... አቤት፣ መሬት እንዴት ደስ ይላል! አቡነ ዘበሰማያትን ሁለት ጊዜ ደገምሁ። አንዱ ለትንፋሼ አልበቃም።

ከዚያ በኋላ መላው ገባኝ። ማዶ ሸንተረር ላይ ለሚታይ ደብር ሳይቀር እየወረድሁ ሰገድሁ። አንዱማ ደብር መሆኑንም እንጃ፣ የጽድ ጫካ ብቻ ነበር። ከሰባቱ አንዷ ብቻ እውነት ነበረች፤ ሚስቴ ከተቀበረችባት ማርያም ስደርስ ትንፋሼን ረስቼ ስሟን ጠራሁ።

ለካ እማሆይ ጥሩ የሚባሉ መነኵሲት ከከተማ ጀምሮ በእግራቸው እየተከተሉ ሁሉንም አይተው ኖሯል። የጫካው ዘንድ ደረሱብኝ።

«ልጄ፣ በዚህ ክፉ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

«ኧረ እማሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ።»

ይህን ብል ይብሱን አመኑ።

ደብዳቤውን አድርሼ ቁልቁል ስመለስ ሥልጣኔ አመሉን አወጣ። ፍሬኑን ጨበጥ ባደርገው ሽቦው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ጋቢዬ ከኋላዬ ይርገበገባል፣ ዶሮው በየአቅጣጫው ይበተናል፣ እኔ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እጠራለሁ። ማርያም ደጅ ሙላት የሚባል ገበሬ የቅጽሩን አጥር ያጥር ነበር።

«አንተ! ለእመቤቴ አትወርድም?» ብሎ ጮኸ።

«አልችልም!» ብዬው አለፍሁ።

በሳምንቱ አገሩን አዳረሰው። «ውረድ ብለው አልችልም አለኝ» ይላል ሙላት። እውነቱን ነው። ሰዉ ግን «አልችልም ካለማ ጣልያኖቹ አጥምቀውታል፣ ካቶሊክ ሆኗል» አለ። የንስሐ አባቴ ሽማግሌ ሰብስበው አስጠሩኝ።

«ነገሩ እውነት ከሆነ ከሚስትህ ጎን አትቀበርም» አሉኝ።

ፍሬን ተበጠሰ እንዳልል፣ ከተቀመጡት ፍሬን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጣልያን ቃል ከአፌ ሲሰሙ ይኸው ቋንቋቸውንም ይዟል ይሉኛል ብዬ ፈራሁ... ስፈራ ስቸር እማሆይ ጥሩ ከጥግ ብድግ አሉ።

«ይኼ ሰው? ሰባት ጊዜ ሲሰግድ በዓይኔ አይቻለሁ! ለጫካም ይሰግዳል!»

የንስሐ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ማርያም ደጅ ወርደህ ሰግደሃል?»

«ሰግጃለሁ፣ አባ።»

ሰግጃለሁ እኮ... ሽቅብ ስወጣ።

ሐሰተኛው ሙላት ሆነ። ድንጋይ አንገቱ ላይ አስጭነው ፊቴ አንበረከኩት። «ይቅር በለኝ» አለኝ፣ ዓይኑ ግን መሬት መሬት አይልም፣ እኔኑ ያያል። «ይማርህ» አልሁት። ይቅር ባዩ እኔ ነኝ!

ከዚያ ወዲህ ሙላትን ለምስክርነት የሚጠራው፣ ለዋስነት የሚፈልገው ጠፋ። ልጁን ሊያገባ የነበረውም የሐሰተኛ ልጅ አልወስድም ብሎ ቀረ። እኔን ግን በየማኅበሩ ከቄሶቹ ቀጥሎ ያስቀምጡኛል። ማታ ማታ ስጸልይ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር፤ ሚስቴ በሕይወቷ ሐሰት የማትወድ ሰው ነበረች። በውሸት ጎኗ ብተኛ ምን ብዬ ላወራት ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ ሙላት ፊት ተንበረከክሁ።

«ሙላት፣ እውነት የተናገርህ አንተ ነህ። ስወጣ ሰግጃለሁ፤ ስወርድ ግን ሽው ብዬ አልፌያለሁ። ሐሰተኛው እኔ ነኝ።»

እማሆይ ጥሩ አማተቡ። ሙላት ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን መረመረው።

«የኔ ከዚህ ይበልጥ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። ያችን አስቀምጬ ትልቁን ፈልጌ ተሸከምሁ።