ስልሳኛው ፎርም

ውብሸት ጎበዜ ከሚስማር ተራ ጀርባ ከእናቱ ከእትዬ አልጋነሽ ጋር ይኖር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ነጥብ አልመጣለት ብሎ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ቤት ተቀመጠ። ሥራ ፈት ካላችሁት ይቀየማችኋል፤ የቀበሌው ወጣት ማኅበር የጽሕፈት ጉዳይ ኃላፊ ነው። ኃላፊነቱም የቢሮውን ቁልፍ መያዝ ነው። ማኅበሩ ያደለውን በራሪ ወረቀት ሁሉ ስለሸመደደ ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ "ከተጨባጭ ሁኔታው አንጻር" እያለ ይከራከር ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና ሁለተኛው ዙር በተቃረበ ሰሞን ሊቀመንበሩ ጓድ ጣሰው ጠሩትና ስልሳ ፎርም አሸከሙት። "የወጣቱ አኗኗር፣ ደኅንነትና አመለካከት ጥናት" ይላል ከላይ። ዕድሜ፣ ጤና፣ የኑሮ ደስታ፣ የወደፊት ምኞት።

"በወጉ ከሠራኸው እዚሁ ታስፈልገናለህ። የዘማቾቹ ዝርዝር ውስጥ አትገባም" አሉት።

ውብሸት የፈለገው ይህችን ብቻ ነበር፤ አለመዝመትን። የወጣቱን አመለካከት ማወቅ የፈለገማ በዚያ ቀበሌ አንድም ሰው አልነበረም።

መርካቶ ደግሞ ፎርም ያውቃል። ስምህን የሚጽፍ ወረቀት ወይ ስኳር ያመጣል ወይ ሰው ይወስዳል፤ ስኳር ባለፈው ሳምንት ታድሏል።

መጀመሪያ ያገኘው ባህረዲንን ነው፤ እህል በረንዳ፣ ኩንታል ጤፍ እንደተሸከመ።

"ዕድሜ?"

"ሠላሳ አራት።"

"አንተ! አምና ለሩጫው ሃያ ብለህ አይደል የተመዘገብከው?"

"ያኔ ካናቴራ ይሰጥ ነበራ።"

"እሺ፣ ጤና?"

"ወገብ የለኝም።"

"ታዲያ ይኼ ኩንታል ምንህ ላይ ነው ያለው?"

"እሱን አላህ ነው የያዘው። ጻፍ አቦ፣ ከበደኝ!"

ከዚያ ወደ ጠሂራ ሄደ። ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግታ የምትሰፋ ልጅ ናት፤ ስለ ወንድሟ ጠየቃት።

"ትናንት አሥራ ስድስት ሞላው" አለች፣ ከመኪናው ቀና ሳትል።

"ጺም አለው እኮ!"

"በሽታ ነው።"

"የአንቺስ የኑሮ ደስታ?"

"አንተ ስትሄድ ይጀምራል።"

በሦስት ቀን ሃምሳ ዘጠኝ ፎርም ሞላ። ቀጠናው ውስጥ ጤነኛ ሰው የሚባል አልተረፈም፤ አስም፣ ወገብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጠፋ ዓይን። ሁሉም ለእናቱ ብቸኛ ጧሪ ነው፤ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሦስት ወንድማማቾች ሳይቀሩ።

ጓድ ጣሰው ገለጥ ገለጥ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

"ይኼ የወጣት ጥናት ነው የሆስፒታል መዝገብ? አርመው! ዕድሜውን ቀንስ፣ በሽታውን ሰርዝ። ነገ ለበላይ አካል ይሄዳል።"

"የተናገሩትን እኮ ነው የጻፍኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የአንተን ወንበር የሚፈልግ ሞልቷል፣ ውብሸት።"

በራሪ ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ የኅሊና ትግል ይመጣ ነበር፤ ባነር ይውለበለባል፣ መፈክር ይሰማል። ውብሸት ግን ቢሮውን ዘግቶ የባህረዲንን ፎርም አወጣ፤ ሠላሳ አራቱን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አስጠጋ፤ መልሶ አነሳ። የፈራው የባህረዲንን ክንድ ነው ይላሉ። ኩንታል የሚያነሳ፣ የጽሕፈት ጉዳይ ኃላፊ ማንሳት አያቅተውም። ይሆናል። ብቻ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጦ አንዲት ቁጥር አልነካም።

በመጨረሻ ስልሳኛውን ባዶ ፎርም ሳበና የራሱን ስም ጻፈበት። ዕድሜ፣ ሃያ ሦስት። ጤና፣ ሙሉ። ምኞት በሚለው ላይ ከሸመደደው አንድ መስመር ቀዳ፦ "በተመደብኩበት ማገልገል።" አንድ ጤነኛ እንኳ ከተገኘበት ጥናቱ ጥናት ይመስላል ብሎ ይሆናል። ጅልነት መቼም ወሰን የለውም። ለእናቱ አንድ ልጅ መሆኑ እውነት ነበር፤ እሱን አልጻፈውም።

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ጓድ ጣሰው ሳይታረም የተረከቡትን ውጤት በንባብ አሰሙ። ለአገልግሎት ብቁና ፈቃደኛ የሆነ፣ አንድ።

"ጓድ ውብሸት፣ ተነስ! ሕዝቡ ይይህ!"

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው፤ አስመኞቹ ለመተንፈስ እንኳ አላቋረጡም። ባህረዲን ብቻ እጁን ኪሱ ከቶ መሬት መሬት ያያል። እትዬ አልጋነሽ ልጃቸው የተሸለመ መስሏቸው እልል አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

ከቀጠናው የሚፈለገው ሦስት ሰው ነበር። የጎደሉትን ሁለቱን በማግስቱ ከመሳለሚያ፣ አውቶቡስ ከሚጠብቁት መሐል አንስተው ሞሉ። ዕድሜያቸውንም ሆነ ምኞታቸውን የጠየቃቸው የለም።