መጀመሪያ አሳላፊው ይቅመስ

«እኔን ነው እንዴ ቀማሽ የምታደርገኝ? ምን አድርጌህ ነው ልጄ? በል፣ መጀመሪያ አንተ ቅመስ!»

እትዬ ሥርጉት ይህን ያሉት ጣና ዳር ባለ ሆቴል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያ ጋ ዓሣ የሚበሉት ሰዎች እሾሁን ትተው ቀና እስኪሉ ድረስ ነው። አስተናጋጁ አካሉ ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ አቅፎ ቆሟል። ምስኪኑ ያደረገው ነገር ቢኖር ብርጭቆው ውስጥ ለአንድ ጉንጭ የማትበቃ ቀይ ወይን ጠብ አድርጎ «ይቅመሱት እማማ» ማለት ነው። ብሎ ደግሞ ፊት ፊታቸውን እያየ ቆመ። ነገሩን ያበላሸው ይኼ መቆሙ ነው።

እትዬ ሥርጉት ሠላሳ ዓመት ጠጅ ጥለው ሸጠዋል። በእሳቸው ቤት አሳላፊ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየው ይጠጣል። ከዚያ ነው የሚቀዳው። ቀድቶ፣ ሳይቀምስ፣ ቆሞ ፊት የሚያይ ሰው እሳቸው በሚያውቁት ዓለም አንድ ነገር ነው የሚጠብቀው። የሰው መውደቅ።

«እትዬ ሥርጉት፣ የወይን ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ነው የሚቀምሰው» አሉ ከፊታቸው የተቀመጡት አቶ ሀዲስ። አቶ ሀዲስ ኮሌጅ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው የእትዬ ሥርጉትን ልጅ ዜማን በጥር ሊያገባ ነው።

«ይኼን ሥርዓት ያወጣው ማነው? አሳላፊው መሆን አለበት።»

መጠርጠር የእትዬ ሥርጉት እንጀራ ነው። የሐሙሲት ማር ነጋዴዎች እሳቸው ሲመጡ ካዩ አንዳንዱን ቆርቆሮ በእግራቸው ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉታል። እትዬ ሥርጉት ማሩን በትንሿ ጣታቸው ነክተው ብቻ «ይኼን ንብ አላየውም» ይላሉ። ሻጩ ይምላል። እሳቸው ከሚምል ማር ሻጭ ገዝተው አያውቁም።

ታዲያ ከአንድ ሳምንት በፊት አቶ ሀዲስ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት «ለሰርጉ ጠጁን ትተን ወይን ብናደርገው፣ እርስዎም አይደክሙም» አሉ። አይደክሙም! ሠላሳ ዓመት የሰው ሰርግ ሲያጠጡ ያልደከሙ ሴትዮ የገዛ ልጃቸው ሰርግ ላይ ሊደክሙ ነው። ያን ዕለት «ቀምሼ ልወስን» ብቻ ነው ያሉት። ዛሬ የመጡት ግን ሊቀምሱ አይደለም። ሊይዙ ነው።

«እማማ፣ በሥራ ሰዓት መጠጣት ክልክል ነው» አለ አካሉ።

«ሌባም እንደዚሁ ነው የሚለው።»

ዓሣ ከሚበሉት አንዱ «ቅመስላቸው እንጂ፣ ምን ይገልሃል!» አለ። «ይገልሃል» የምትለዋን ሲሰማ አካሉ ራሱ ጠርሙሱን በጥርጣሬ አየው። ዞር ዞር ብሎ አለቃው አለመኖሩን አይቶ፣ መዳፉን አጎድጉዶ፣ ጠብ አደረገና ጨለጠ።

ፊቱ ተጨማደደ። ወዲያው ሊያስተካክለው ሞከረ፤ ግን ታይቷል።

«ያዝሁህ!» አሉ እትዬ ሥርጉት።

አካሉ ግን አልወደቀም። ትንሽ ጠበቁት፤ አሁንም አልወደቀም። እንግዲህ የእሳቸው ተራ ሆነ። መጀመሪያ በጣታቸው ነክተው ነጩ ጨርቅ ላይ አንጠባጠቡ። ጨርቁ ቀላ። ምንም የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ቢሆንም አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አሸተቱና ተጎነጩ።

ምላሳቸውን እንደ ጥሬ ሙዝ ያዘው። ድዳቸው ደረቀ። ጌሾው ሳይወጣ የተረሳ ጠጅ እንኳ እንዲህ አይነክስም። የልባቸው ደረሰ! ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከንክሻው ሥር ሌላ ነገር መጣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ እንጆሪ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል። እንዳልሰማ ሰው ሊያልፉት ፈለጉ። አላለፈም። አስጨምረው ደግመው ተጎነጩ። አሁንም አለ።

አቶ ሀዲስ ጎንበስ ብለው «እህሳ?» አሉ።

እዚህ ላይ «የተበላሸ ነው» ቢሉ ነገሩ አብቅቶ ነበር። የሰርጉ ጠጅ የእሳቸው፣ ሰርጉም የእሳቸው። ማንም አይከራከራቸውም። ግን ሠላሳ ዓመት ያልዋሸች ምላስ በአንድ ቀን ከየት ትልመደው?

«ጉሽ ነው» አሉ፣ ሳይወዱ።

«ጉሽ ማለት?»

«ሳይደርስ የተቀዳ። ዘሩ ጥሩ ነው፤ አልተቀላቀለበትም። ልጅ ነው፣ ገና ይማታል። ማን ነው ከጋኑ አስቸኩሎ ያወጣው?» ብለው ወደ አካሉ ዞሩ።

አካሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያመጣው ሰውዬ ሁለት ሦስት ዓመት አስቀምጡት ብሎ ነበር። እዚህ ግን በመጣ በሳምንቱ ለሽያጭ ወጣ።»

አቶ ሀዲስ በብርጭቋቸው አስቀድተው ቀመሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ቀመሱት። አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። «እኔ እኮ የወይን ወጉ ይኼ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ለሰው ሰርግ ጉሽ አይቀርብም፣ አቶ ሀዲስ።»

«እንግዲያ ጠጁን ይጣሉት።»

«ጥዬዋለሁ» አሉ እትዬ ሥርጉት። «ማክሰኞ ነው የጣልሁት። ይኼን ወይን ደግሞ ሁለት ካርቶን ይግዙና እኔ ጓዳ ጨለማው ጋ ይቀመጥ፤ ለክርስትናው እንከፍተዋለን።»

«የምን ክርስትና? ገና ሰርጉ መቼ ሆነና!»

«ታዲያ ወይኑስ መቼ ደረሰና?»

አቶ ሀዲስ ሳቁና ሒሳብ አስመጡ። እጃቸውን ወደ ኪስ ሲሰዱ እትዬ ሥርጉት በዓይናቸው ተከተሉት። የከፈለ ሰው ጋባዥ ነው፤ ጋባዥ የሆነ ደግሞ ነገ ተነሥቶ ስለ መጠጥ አስተያየት ይሰጣል። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ላፍ አድርገው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረውን ብር ፈቱ። ዓይናቸው ግን ታች ያለች አንዲት መስመር ላይ ቆመ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የአገልግሎት ናት፣ እማማ።»

«ምን አገለገልኸኝ?»

አካሉ መዳፉን ዘረጋ። ወይኑ በመዳፉ መስመሮች ገብቶ ሐምራዊ እንደሆነ ደርቋል።

እትዬ ሥርጉት መዳፉን አገላብጠው ካዩ በኋላ ሙሉውን ከፈሉ።