የግራናዋ እናት ቃል

መርሳ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር በአንድ ሕግ ላይ ግትር ነበርኩ። የሰው ንግግር ስታስተላልፉ፣ «አለ» ካላችሁ በኋላ ግሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይሄዳል፤ ትእምርተ ጥቅሱም ይነሳል እላለሁ። «ታምሜአለሁ» ያለ ሰው ወረቀት ላይ «ታሞ እንደነበር ተናገረ» ይሆናል። ለሳተ ተማሪ ርኅራኄ አልነበረኝም።

ከጦርነቱ በኋላ አንዲት እናት ከጎረቤታቸው ሽማግሌ ጋር ከግራና መጡ። ልጃቸው ጠፍቷል። ወልድያ ያለ አንድ የውጭ ድርጅት አፈላላጊ ቢሮ ቃላቸውን በእንግሊዝኛ አስጽፈው እንዲያመጡ ነግሯቸዋል።

«ልጄ ረጅም ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። በስልክ ‹እመጣለሁ፣ በሬውን እንዳትሸጪው› ብሎኛል» አሉ።

እንደማስተምረው ግሱን ሁሉ ወደ ኋላ መልሼ ጻፍኩት። ኮርቼበትም ነበር።

«እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ እናት።

ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ፤ ረጅም ነበር፣ ጠባሳ ነበረው፣ እንደሚመጣ ተናግሮ ነበር።

እናት ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «መምህር፣ የሰማኸው ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። የሚከበር ሰው ይመረጥና ከሩቅ ጀምሮ፣ ወግ እያስመሰለ፣ ቀስ በቀስ ወደ «ነበር» ይደርሳል። ለዚህ የተመረጥኩት እኔ መሰልኳቸው።

«ወላሂ ምንም አልሰማሁም!» ብዬ በእነሱ መሐላ ማልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬም የእንግሊዝኛውን ሕግ ላስረዳ ሞከርኩ።

«እንግሊዝኛ በልጄ ምን አገባው?» አሉ እያለቀሱ።

«አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አሏቸው ሽማግሌው።

ወረቀቱን ፊታቸው ቀደድኩት። የተናገሩትን እንዳለ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ረጅም ነው፣ እመጣለሁ ብሎኛል እያልኩ እንደገና ጻፍኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ብዙ ቀን በራሴ ተናደድኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው ደወሉልኝ። የልጁ ሞት ተረጋግጧል። ለመርዶው ከሚሄዱት ጋር እንድቆም ፈለጉ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ጎህ ሲቀድ ደጃፋቸው ደረስን። በሬው በረት ውስጥ ቆሟል። እናት በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩንና እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ገና ማንም አፉን አልከፈተም።

«አንተማ ያኔውኑ ነግረኸኝ ነበር» አሉኝ። «እኔ ነኝ ወረቀቱን ያስቀደድኩህ።»