ያልመረጥነው ተወካይ

ሊይዙኝ ሲመጡ የአንድ ፒክአፕ ኮፈን ከፍቼ ባትሪው ላይ አጎንብሼ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የሐበሾቹን ምርጫ ያካሄድከው አንተ ነህ?» አለኝ በዐረብኛ። «ምርጫ» ሲል ሳቁ አመለጠው። እጄን በጨርቅ እስክጠርግ እንኳ አልጠበቁኝም፤ ግሪስ እንደተለወሰ በካቴና አሰሩት።

ምርጫ ያሉት ይህንን ነው። እኛ ሳጃና ሰፈር የምንኖር ሐበሾች በየሳምንቱ በከሻ እንታፈስ ነበር። ከሻ ሲመጣ ፖሊስ መንገድ ይዘጋና ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሁሉ ጭኖ ይሄዳል። ያለውም አይቀርለትም። እኔ ካርቱም አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ኢቃማዬን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ሁለት ጊዜ ታፍሻለሁ። ከፖሊስ ጋር ይነጋገርልናል የሚባል አንድ የእኛው አገር ሰው ነበረ። መንዱብ ይሉታል፣ ተወካይ። ማን እንደወከለው የሚያውቅ የለም። ከአፋሾቹ ጋር በአንድ መኪና ሲሄድ ግን ብዙዎቻችን አይተነዋል።

ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበን እጅ በማውጣት የራሳችንን ሰው መረጥን። እጅ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። የተመረጠችው ዐማራት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ዐረብኛዋ ከባለአገሮቹ የማይተናነስ፣ የመጣባትን ፊት ለፊት የምትናገር። ሲያጨበጭቡላት፣ «ምን ሠርቼ ነው የምታጨበጭቡት?» ብላ ተቆጣች። በዚያ ሰሞን የከተማው ግድግዳ ሁሉ በሱዳኖቹ የምርጫ ፖስተር ተለብጦ ነበር። እኛ በመረጥን በአምስተኛው ቀን ያዙኝ።

የገባሁበት የፖሊስ ጣቢያ እስር ክፍል በአራት እርምጃ ያልቃል። ግድግዳው እስከ ትከሻ አረንጓዴ የተቀባ ነው፤ ሲደገፉት ይረጥባል። በጠዋቱ ከሻ የታፈሱ አሥር ሐበሾች ነበሩበት፤ አርካዊት በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ሲሠሩ የተያዙ የቀን ሠራተኞች። ሲሚንቶው ልብሳቸው ላይ ደርቋል። አንደኛው ወባ ይዞት በዚያ ሁሉ ሙቀት በሩ ሥር ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ሸሚዛቸውን አውልቀው አልብሰውት በካናቴራ ተቀምጠዋል።

እኩለ ቀን ላይ ዛቢጡ፣ መኮንኑ፣ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዞ ገባ። ሽቶው ክፍሉን ሞላው።

«አንተ ዐረብኛ ታነባለህ» አለኝ። «የመፈቻ ወረቀት ነው በላቸው። አሻራውን የሰጠ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል።»

ወረቀቱን አነበብኩት። «እኛ ሳጃና የምንኖር ሐበሾች በገዛ ፈቃዳችን እገሌን ወኪላችን አድርገን መርጠናል። ከእሱ በቀር ማንም አይወክለንም» ይላል። ስሙ የዚያ በመኪናቸው የሚሄደው ሰውዬ ነው። ከሥር አሥራ አንድ መስመር ተሰምሯል። አሥሩ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኔ።

ደሜ ፈላ። ማሰሩንስ ያስሩናል፤ ለምደነዋል። የተናገርነውን ሰርዘው፣ ያልተናገርነውን በእኛው ጣት ሊያስፈርሙን፣ ያንንም በእኔ አፍ ሊያደርጉት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። በሩ ሥር የተኛውን ሰው አየሁት። «የመፈቻ ወረቀት ነው» ብል ውሸት አይሆንም ነበር። ሁሉም ይወጣሉ።

«ወንድሞቼ» አልኳቸው፣ «አሻራ ከሰጣችሁ እውነትም ትፈታላችሁ። ወረቀቱ የሚለው ግን ይህን ነው።» ቃል በቃል በአማርኛ አነበብኩላቸው።

ከዛቢጡ በፊት የጮኸብኝ ከመካከላቸው ወደ ሊቢያ ለመሻገር መንገድ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ነው።

«ማን ንገረን አለህ? ዝም ብትል ምን ነበረበት? አሁን እያወቅኩ እንድዋሽ አደረግከኝ እኮ!»

«ሳታውቅ ላስዋሽህ?»

«እኔ አላፊ መንገደኛ ነኝ! ማንም ቢወክል ምን ገዶኝ!»

ግንበኛው ቀና አሉ። «ልጄ፣ አንተስ ታልፋለህ። ነገ የሚመጣውን ወንድምህን ግን ይኸው ሰውዬ ነው የሚያሳፍሰው።»

«ያላ! ኹላስ!» አለ ዛቢጡ፤ በቃ፣ ቶሎ በሉ ማለቱ ነው።

ወጣቱ መጀመሪያ ተነሣ። ጣቱን ወረቀቱን የሚወጋ ያህል ተጫነው። አላየኝም። ስድስት ሰዎች ተከተሉት። ከዚያ እኔው ራሴ ወደ በሽተኛው ሄጄ ተንበረከክሁ።

«አድርግና ውጣ። ታከም።»

«ትቀየመኛለህ?» አለኝ። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«አንተን አይደለም» አልኩት። ጣቱን ይዤ ቀለሙን አስነካሁት፣ ወረቀቱም ላይ አሳረፍኩለት።

ግንበኛው ግን ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። «ተርጉምልኝ» አሉኝ። «እኔ የምተኛው አርካዊት፣ የምሠራው ሕንፃ ሥር ነው። ሳጃና ኖሬ አላውቅም። ሰውየውንም አይቼው አላውቅም። የማላውቀውን ሰው መረጥኩ አልልም በለው።»

ተረጎምኩ። ጥፊው ያረፈው እኔ ላይ ነው፤ ተርጓሚው እኔ ነኛ። አንድ ዝምተኛ ለሳኝም እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ እምቢ አለ። እኔም እምቢ አልኩ።

«በሰው አገር የምን ምርጫ ነው?» አለኝ ዛቢጡ። «በአገርህስ መርጠህ ታውቃለህ?»

«እዚያም እንዳንተ ያለ ሰው ነበር» አልኩት።

ሁለተኛው ጥፊ ለዚህ ነው።

ስምንቱ ያንኑ ቀን ወጡ፤ እኛ ሦስታችን ቀረን። በሦስተኛው ቀን ከውጭ በር የሴት ድምፅ ሰማሁ። የመረጥናት ሴት ናት። የተፈቱት ሰዎች ነግረዋት ነው የመጣችው።

«እዚህ ውስጥ ሰው አለኝ» ትላለች።

«ምንሽ ነው?»

«የመረጠኝ ነው። ለምን እንዳሰራችሁት ልትነግሩኝ ይገባል።»

«አንቺን? የሰው ቤት ሠራተኛዋን?» ጠባቂዎቹ ተሳሳቁ።

«አዎ፣ እኔን። የሚነግረኝ እስኪመጣ እዚሁ እቆማለሁ።»

በየቀኑ ሥራዋን ስትጨርስ መጣች። ምግብ ለሦስት ታመጣለች፤ ግንበኛውንና ለሳኙን አይታቸው አታውቅም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ምክንያቱን ማንም ሳይነግረን፣ ውጡ ተባልን። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ዛቢጡ የሚረከበንን ሰው መዝገብ ላይ ይጽፋል። እሷን አየና ከስሟ ጎን «ዘመድ» ብሎ ጻፈ።

«ዘመዴ አይደለችም» አልኩት። «መንዱብ በል።»

«ውጣ ብዬሃለሁ!»

«ሲታረም እወጣለሁ» አልኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ግንበኛው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ለሳኙ። ዛቢጡ እየተራገመ «ዘመድ» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «መንዱብ» ብሎ ጻፈ። ተነሥቼ አነበብኩት። ከዚያ ወጣን።

አሁን የምኖረው አገሬ ነው። ያ በመኪናቸው የሚሄደው ሰውዬ በዚያ ወረቀት ብዙ ዓመት ተወካይ ተብሎ ኖረ፤ እሷም ካርቱምን እስክትለቅ ድረስ በየጣቢያው ደጅ መቆሟን አልተወችም። ወጣቱ ይሻገር አይሻገር አላወቅኩም።

ይህን ያህል ጊዜ አልፎ ንዴቱ ለምን አይለቅህም ይሉኛል። ነገሩ ጥፊው ብቻ ቢሆን ይለቀኝ ነበር። በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሐኪም ለማየት ሲል «በገዛ ፈቃዴ» በሚል ቃል ሥር አሻራውን አኑሯል። ጣቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።